የእብጠቱ አገር

ባቢከር ወርቅ ሲገዛ መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋውን አልነበረም። "አገሩ የት ነው?" ይላል። ሻጯ የመንጌ ነው ብትለውም ዝም ብሎ አያምናትም። የወርቅ መፈተኛ ጥቁር ድንጋዩ ላይ ፈተግ ያደርገዋል፣ ክንዱን ዘርግቶ ወደ ፀሐይ ያዞረዋል፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያየዋል። ነጣ ካለ የኩርሙክ፣ ቀላ ካለ የመንጌ፣ አመድማ ከሆነ ከሸርቆሌ በኩል የመጣ ነው ብሎ ይፈርዳል። ፍርዱ ልክ ይሁን አይሁን ማንም አረጋግጦለት አያውቅም፤ እሱ ግን አገሩን ሳይለይ የገዛው ወርቅ የለም። ሰውንም እንደዚሁ ነው። ክልሉ አዲስ ቢሮ በከፈተ ቁጥር ከደጋ የሚላከው መምህር፣ የግብርና ሠራተኛ፣ ጸሐፊ ሁሉ ሆሞሻ ገበያ መካከል ባለው የባቢከር ማንጎ ዛፍ ሥር አልፎ "አገርህ የት ነው? ከዚያስ በፊት?" ሳይባል ሥራ አይጀምርም።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው ብብቱ ሥር እብጠት ቢያገኝ ምን ይላል? ሌላው ሰው "ወይኔ!" ይላል። ባቢከር ግን ገላውን ሲታጠብ ጣቱ የእርግብ እንቁላል የምታህል እብጠት ላይ ሲያርፍ፣ "ይቺ ደግሞ ከየት መጣች?" አለ።

ሚስቱ ኑራ ሰማችው። የሰማችውን ደግሞ አልወደደችውም። "ከየትም ትምጣ፣ ነገ አሶሳ ሄደህ ታያታለህ" አለችው በበርታኛ፤ የቤታቸው ቋንቋ እሱ ነው። ኑራ ነገ ካለች ነገ ነው።

አሶሳ ውስጥ፣ በሩ ከቀርከሃ ስለተሠራ ሰዉ "ቀርከሃ በር" የሚላት ትንሽ የበጎ አድራጎት ክሊኒክ ነበረች። ሐኪሟ ትህትና ትባላለች፤ ከደብረ ማርቆስ መጥታ ዓመት ያለፋት፣ ሰው ስትሰማ ራሷን ወደ ጎን ዘንበል የምታደርግ ወጣት ናት። ባቢከር ገና ሳይቀመጥ ጠየቃት።

"ዶክተር፣ አገርህ የት ነው?"

ባቢከር አማርኛን የተማረው ከገበያ ነውና ሴቱንም ወንዱንም "አንተ" ነው የሚለው። ትህትና እንዲህ ያለውን አማርኛ ለምዳዋለች። አገሯን ነገረችው፤ ከዚያ በፊት ያለውንም ነገረችው፤ እናቷ ከየት፣ አባቷ ከየት እንደሆኑ ሳይቀር። ያን ሁሉ ከጨረሱ በኋላ ነው ሸሚዙን ያወለቀው።

አንገቱ ላይ በቆዳ ማሰሪያ የተንጠለጠለ ክታብ ነበረ፤ የክብሪት ቤት የሚያህል፣ ከዕድሜ ብዛት የጠቆረ፣ በግራ ደረቱ ላይ የተጋደመ። በልጅነቱ መጀመሪያ ወርቅ ቁፋሮ ሲወርድ አባቱ ያሰረለት ነው፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ሲታጠብም ሲተኛም አውልቆት አያውቅም። ትህትና ብብቱን ዳሰሰች፣ አንገቱን ዳሰሰች፣ ሆዱን ተጫነች፣ ትንፋሹን አዳመጠች። እጇ ወደ ክታቡ ሲጠጋ የባቢከር መዳፍ ቀድሞ ሄዶ ሸፈነው። ልከልክል ብሎ አይደለም፤ እጁ ራሱ ነው የሄደው። እሷም ቶሎ ብላ እጇን ሰበሰበች።

"ይቅርታ አባቴ" አለች።

ምክንያት ነበራት። አሶሳ በገባች ሰሞን የአንድ ሕፃን ትንፋሽ ለመስማት ብላ ክታቡን ብትፈታው፣ እናትየው ልጇን ከእጇ ነጥቃ ወጥታ በዚያው ቀርታለች። ከዚያ ወዲህ ትህትና የሰው ክታብ አትነካም፤ ዙሪያውን ነው የምትመረምረው።

"ሌላ ያበጠ፣ የጠነከረ ነገር አለ?"

"የለም" አለ ባቢከር።

መዋሸቱም አልነበረም። ክታቡ ሥር ያለው ቦታ እንደደነደነ ያውቃል፤ ግን የበሬ ጫንቃ ቀንበር ያረፈበት ቦታ አይደነድንም እንዴ? ይህን ያህል ዘመን ቆዳ ቆዳን ሲፈትግ ኖሮ ምን ሊሆን ኖሯል? ይህ ለሐኪም የሚነገር ነገር ነው ብሎ አላሰበም። ትህትና ከብብቱ ትንሽ ሥጋ ቆርጣ በብልቃጥ ወደ አዲስ አበባ ላከች።

መልሱ ሲመጣ ግማሽ መልስ ነበር። ትህትና አስቀምጣ ነገረችው፤ ነገር ማድበስበስ አትወድም።

"አባቴ፣ ካንሰር ነው።"

"አውቀዋለሁ። ሱዳን ሰረጣን ይለዋል።" ፈርቷል። ቢሆንም ጥያቄው ከፍርሃቱ ቀድሞ ወጣ። "አገሩ የት ነው?"

ትህትና ቀና ብላ አየችው። "እሱን ነው ያጣነው። ብብትዎ ሥር የተፈጠረ አይደለም፤ ከሌላ ቦታ ፈልሶ የመጣ ነው። ከየት እንደመጣ ግን በማጉያ መነጽር ቢያዩትም መልኩ አይናገርም። መልኩ ጠፍቶበታል።"

"መልኩ ጠፋ፣ ሰው ይጠየቃል።"

"ጠየቅን እኮ! ሳንባዎን በራጅ አየን፣ ንጹሕ ነው። ሆድዎን አየን፣ ንጹሕ ነው። የሳንባ ቢሆን አንድ መድኃኒት አለው፣ የአንጀት ቢሆን ሌላ። አንዳንዱ ተቆርጦ ይወጣና ሰው ተነሥቶ ሥራውን ይሠራል። አገሩን ካላወቅን ግን በዳበሳ ነው የምናክመው።"

"በዳበሳስ?"

ትህትና ጠረጴዛው ላይ ያለውን እስክሪብቶ አንሥታ መልሳ አስቀመጠችው። "በዳበሳ ከሆነ፣ አባቴ፣ ዓመቱን መድፈንዎን እንጃ።"

ሆሞሻ የሰማችውን አታሳድርም። በቀጣዩ ቅዳሜ ማንጎው ሥር ነገሩ ለሽማግሌ እንደቀረበ ክርክር ሆኖ ዋለ። ከባምባሲ ማርና ጨው እያመላለሰ የሚነግደው ረጋሳ፣ "ያ ባቢከር፣ ይኼ ከሳንባ ነው፤ ኩርሙክ ቁጭ ብለህ ያጨስከው ሺሻ ነው የወጣብህ" አለ። ልብስ ሰፊው ጫኔ ደግሞ የሲንጀር መኪናውን አቁሞ መጣ። ጫኔ በደርግ ጊዜ ከወሎ በሰፈራ መጥቶ እዚያው የቀረ ነው፤ አፉ ከመቀሱ ይስላል የሚባልለት፣ ለባቢከር ግን ከወንድም የማይተናነስ ሰው።

"አብሽር፣ ከጉበት ነው" አለ ጫኔ። "ደግሞ ያቺን የቀርከሃ በር ሐኪም እንዲህ አዋቂ፣ እንዲያ አዋቂ ስትለን ከረምክ። ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል አሉ! አዲስ አበባ ሂድና ሐኪም እይ።"

"አዲስ አበባም አላወቀም" አለ ባቢከር።

"እንግዲያውስ አንተው ድንጋይህ ላይ ፈትገው!"

ሳቁ። ባቢከርም ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጫኔ ገበያ በዋለ ቁጥር፣ "እሺ፣ የእንግዳህ አገር ታወቀ?" ሳይል አይቀመጥም። ክንዱን አስነሥቶ ያያል፤ አደገ አላደገም ብሎ ይፈርዳል። ኑራ ይህን ስትሰማ ትቆጣለች። "ሰው በእንዲህ ያለ ነገር ያለቅሳል፤ እናንተ ግምት ትገማመታላችሁ" ትላለች። ባቢከር ግን ማልቀስ አልቻለበትም። መጠየቅ ነው የሚችለው። ጥያቄው ፍርሃቱን የሚይዝበት እጀታ ሆነለት።

በዚህ መካከል ትህትና አስጠራችው። ፊቷ ላይ ያለው ነገር ደስታ ነው እንዳይባል ጭንቀት አለበት፤ ጭንቀት ነው እንዳይባል ዓይኖቿ ያበራሉ።

"አባቴ፣ አንድ ነገር አግኝቻለሁ። አዲስ አበባ ያሉ አስተማሪዬ ከውጭ ካሉ ተመራማሪዎች ጋር ይሠራሉ። አገሩ የጠፋበትን ካንሰር አገሩን የሚያውቁበት አዲስ መንገድ መጥቷል።"

ባቢከር ወንበሩን ሳብ አድርጎ ተጠጋ። "ንገረኝ። ቀስ ብለህ ንገረኝ።"

"በሰውነታችን ያለው ህዋስ ሁሉ አንድ ዓይነት መጽሐፍ ነው የያዘው፤ የጉበቱም፣ የዓይኑም፣ የቆዳውም።"

"አንድ መጽሐፍ ከሆነ፣ ጉበት ለምን ዓይን አይሆንም?"

ትህትና ሳቀች። ትምህርት ቤት ሳለች ይህንኑ ጠይቃ ዝም በይ ተብላለች። "ምክንያቱም እያንዳንዱ የሚያስፈልገውን ገጽ ብቻ ነው የሚያነበው። ገጹ ይገለበጥና መልእክት ሆኖ ይወጣል፤ 'ይህን ሥሩ፣ ያን ሥሩ' ይላል። መልእክቱ አር ኤን ኤ ይባላል። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃ ይመስለን ነበር። አሁን የታወቀው ምንድነው፣ ጥቃቅን አር ኤን ኤዎች አሉ፤ ሃያ ምናምን ፊደል ብቻ ያላቸው። ሠራተኛ አይደሉም፣ ምንም ነገር አይሠሩም። ትልቁን መልእክት ፈልገው ያገኙና ፊደላቸው ከፊደሉ ሲገጥም ይለጠፉበታል። የተለጠፉበት መልእክት ወይ ይቆራረጣል፣ ወይ ሳይነበብ ይቀራል። ዝም አሰኙት ማለት ነው።"

ባቢከር አሰበ። "አባቴ ሽማግሌ ነበረ። ሰው ይጣላል፣ ይመጣል፣ ይቀመጣል። አንዱ በጣም ይጮሃል። አባቴ ምንም አይናገርም። ጉልበቱን እንዲህ፣ በእጁ ይነካል። ያ ሰው ዝም ይላል።"

"እንደዚያ ነው! ልክ እንደዚያ። ካንሰር የያዘው ህዋስ ውስጥ 'እደግ፣ ተባዛ' እያለ የሚጮኸውን ጉልበቱን የሚነኩት ይጠፋሉ። በአንጻሩ 'በቃ፣ አቁም' የሚለውን ዝም የሚያሰኙት ይበዛሉ።"

"ያኒ፣ ማለት፣ ደጉ ሽማግሌ ሞተ። ክፉው ሽማግሌ በዛ።"

"አዎ። ግን ሁሉም አይጠፉም፤ የእርስዎ ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። የጉበት ጥቃቅኖች ሌላ ናቸው፣ የሳንባ ሌላ፣ የአንጀት ሌላ። ህዋሱ መልኩን ቢረሳ፣ ሥራውን ቢረሳ፣ አገር ለቆ ብብት ሥር ቢገባ፣ ከተወለደበት ይዟቸው ከመጣው ውስጥ የሚተርፉ አሉ። እነሱን ቆጥሮ አገሩን መለየት ይቻላል።"

ባቢከር ጭኑን መታ። "ወርቅ! ወላሂ ወርቅ ነው! ጉትቻ ይቀልጣል፣ ቀለበት ይሆናል። መልኩ የለም። ግን አፈሩ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ውስጡ አለ። እሱ አገሩን ይናገራል።" ወዲያው ግንባሩን ቋጠረ። "ግን የቆረጥከው ሥጋ ቆይቷል። አልበሰበሰም?"

"ሰም ውስጥ ነው ያለው። ረጃጅሞቹ መልእክቶች ሰም ውስጥ ሲቆዩ ይሰባበራሉ። ጥቃቅኖቹ ግን ከመጀመሪያውም አጭር ናቸው፤ ብዙዎቹ ሳይሰበሩ ይቆያሉ።"

"ዶክተር፣ አንድ ጥያቄ ብቻ። የሞተውን ደግ ሽማግሌ ለምን አንመልስም?"

ትህትና ለዚህ ሰው የማታውቀውን አውቃለሁ ማለት አትፈልግም። "እየሞከሩ ነው፤ በቤተ ሙከራ፣ በአይጥ ላይ። ለሰው ገና አልደረሰም። አሁን የምንለምናቸው አገሩን ብቻ እንዲነግሩን ነው። ሊዘገይም ይችላል፣ ላይመልሱም ይችላሉ።"

"ይሂድ" አለ ባቢከር። "እሱ ይሂድ፣ እኔ እጠብቃለሁ።"

ጠበቀ። ክረምቱ ገባ፤ ወርቅ አጣቢዎቹ ሴቶች ወንዙ ሲሞላ ወደ እርሻ ዞሩ፣ ሲጎድልም ተመለሱ። እብጠቷ ጎረቤት አፈራች። ክንዱ መክበድ ጀመረ። አንድ ቅዳሜ አንዲት ሴት የወርቅ ቅንጣት አምጥታ ስትሰጠው፣ እንደ ልማዱ ድንጋዩ ላይ ፈትጎ ወደ ፀሐይ ሊያነሣው ቢል ክንዱ ከትከሻው በላይ አልሄድ አለው። በሌላው እጁ አነሣው፤ ያ እጅ አልለመደውምና አገሩን ሳይለይ ገዛው። ያን ቀን የምር ፈራ። ሞት ማለት ይህ ነው መሰለኝ፣ ሳይጠይቁ መግዛት ሲጀመር፣ ብሎ አሰበ።

መልሱ የመጣው በስልክ ነው። ትህትና አስተማሪዋን ሁለት ጊዜ አስደገመቻቸው፤ ናሙናው ተቀያይሮ እንደሆነም ጠየቀች። አልተቀየረም አሏት። የወንድ ሥጋ ነው፣ ከአሶሳ የተላከው ነው። ባቢከርን አስጠርታ በሩን ዘጋች።

"አባቴ፣ ጥቃቅኖቹ ተናገሩ። አገሩ ጡት ነው ይላሉ።"

"የማን ጡት?"

"የእርስዎ።"

ባቢከር ሳቀ። ትህትና እንዳልሳቀች ሲያይ ሳቁ አፉ ላይ ቀረ።

"ወንድም ቢሆን ጥቂት ጡት አለው" አለች። "ብዙ ጊዜ አይታመምም፤ አልፎ አልፎ ግን ይታመማል። እና እኔ አንድ ያላየሁት ቦታ አለ።" ዓይኗ ክታቡ ላይ ነበር። እጇን ጭኗ ላይ እንዳደረገች ቀረች። "አባቴ፣ እባክዎ ይህን ከፍ ያደርጉልኛል? እኔ አልነካውም።"

ባቢከር ክታቡን በቀኝ እጁ አነሣው።

ከሥሩ ያለው ቆዳ ተጨማዶ ወደ ውስጥ ገብቷል። ትህትና በሁለት ጣቷ ተጫነችው፤ እንደ ባቄላ የጠነከረ ነገር ነበረ፣ ከደረቱ ጋር የተጣበቀ። ለመለየት ምንም ጊዜ አልወሰደባትም።

"ይህ መቼ ነው የጀመረው?"

"እሱ በሽታ አይደለም" አለ ባቢከር ድምፁ እየቀነሰ። "ቆዳው ነው። ቆዳው ይፈትገዋል።"

ትህትና ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ባሕር ተሻግሮ፣ በሰም ተጠቅልሎ፣ ስንት ማሽን ውስጥ ገብቶ የተመለሰው መልስ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከጣቷ አንድ ስንዝር ርቀት ላይ ነበር። የኛ ነገር እንዲህ ነው። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ሳያውቅ ለሸሸገና ሳታውቅ ላሸሸገችው ግን ተረትም አልተተረተላቸውም። አንዱ አክብሮ ሸፈነ፣ አንዷ አክብራ እጇን ሰበሰበች፤ በሁለቱ ክብር መካከል ካንሰሩ ተመቻችቶ አደገ። ይሉኝታ የሚሉት ነገር ሰውን ከነጨዋነቱ እንዲህ አድርጎ ይቀብራል።

"ጥፋቱ የኔ ነው" አለች ትህትና፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። "በመጀመሪያው ቀን ልለምንዎት ይገባኝ ነበር።"

"አንተ ጠየቀኝ" አለ ባቢከር። "ሌላ አለ ወይ አለ። እኔ የለም አልኩ። ወላሂ የለም ብዬ ነው የለም ያልኩት።"

ትህትና አፍንጫዋን ጠርጋ ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ ጊዜ አልነበረማ። አዲስ አበባ ሄዶ ይቀደዳል። ጡቱም፣ ብብቱ ሥር ያለውም ይወጣል። ከዚያ በየቀኑ የሚዋጥ ኪኒን አለ፤ እንዲህ ያለውን ካንሰር ብዙ ጊዜ ይዞ የሚያቆም። "ደኅና ተስፋ አለው፣ አባቴ። በዳበሳ አይደለም አሁን።"

"ኪኒኑን ማን ይውጣል?"

"ብዙ ጊዜ ሴቶች ናቸው የሚወስዱት። ለወንድም ይሠራል።"

ባቢከር ሸሚዙን ቁልፍ በቁልፍ ዘጋ። "አስባለሁ" አለና ወጣ።

ያን ያህል ሲጠይቅ የከረመ ሰው፣ መልሱ እጁ ሲገባ አፉን ዘጋ። ቅዳሜ ጫኔ፣ "የእንግዳህ አገር ታወቀ?" ሲለው "አልመጣም" አለው። በሚቀጥለውም ቅዳሜ "አልመጣም" አለ። ጡት! ሆሞሻ ገበያ መካከል፣ ስንቱን ባለሥልጣን አገርህ የት ነው ሲል የኖረ ሽማግሌ፣ የኔ ካንሰር አገሩ ጡት ነው ብሎ ይናገር? ሞቶ ቢቀበር ሰው ያለቅስለታል። ይህን ቢናገር ግን ረጋሳ እስከ ባምባሲ፣ ጫኔ እስከ ዕለተ ሞቱ ይስቁበታል። ትህትና ሁለት ጊዜ ሰው ላከችበት። በሩ ክፍት ነው፣ ክፍት ሆኖ ግን አይኖርም፣ አለችው። አልሄደም።

ጨርሶ ያልታገሠችው፣ ከሰው ሁሉ ለሷ ብቻ የነገራት ኑራ ናት።

"ሰዉን ሁሉ አገሩን ስታስለፈልፍ ኖርክ" አለችው በቋንቋቸው። "የራስህ ሲደርስ ምላስህን ዋጥክ። ጡት ነው እንዴ ያሳፈረህ? እኔም አለኝ። ልጆችህን ሁሉ ያሳደገው እሱ ነው። ያን ጊዜ አላፈርክበትም።"

መልስ ሳትጠብቅ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጋ ወደ ገበያ አስወጣችው።

ማንጎው ሥር ሲደርስ ረጋሳ ጨው እየመዘነ ነበር፤ ጫኔ የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋል።

"እሺ፣ አገሩ?" አለ ጫኔ ከሲንጀሩ ቀና ሳይል።

ባቢከር አልተቀመጠም። ቢቀመጥ እንደማይናገር አውቋል። "መጣ" አለ። "ቆይቷል ከመጣ። እኔ ዋሸሁ። አገሩ ጡት ነው።" ደረቱን በመዳፉ መታ አደረገ። "እዚህ። የኔ ጡት። ሐኪሙ ነካ፣ እኔም ነካሁ። ድንጋይ ነው። አያምም። ለዚህ አላወቅኩም። ቆዳ መሰለኝ።"

ረጋሳ መሳቅ ጀምሮ ነበር፤ የባቢከርን ፊት ሲያይ ሳቁን ዋጠውና አምላኩን ጠርቶ "ዋቃዮ" አለ። በዙሪያው የነበሩ ሴቶች እርስ በርስ ተያዩ። ባቢከር የጠበቀው ጫኔን ነው። ያ ስለታም አፍ ምን ይለኝ ይሆን ብሎ ትከሻውን ሸክም እንደሚቀበል ሰው አጠነከረ።

ጫኔ ግን አልሳቀም። የሲንጀሩ መንኮራኩር ቆሟል። ጨርቁ ከእጁ ሾልኮ መሬት ወደቀ፤ አላነሣውም።

"አያምም አልከኝ?" አለ።

"አያምም።"

"ጠንካራ ነው? እንዲህ፣ ቆዳው ወደ ውስጥ ገባ ያለ?"

"አንተ እንዴት አወቅክ?"

"ሰንበቴ" አለ ጫኔ። ሰንበቴ ሚስቱ ናት። "ልብስ ስትለውጥ ሳላስበው አየሁ። አምና ነው። ጀሪካን መታኝ አለችኝ፤ እኔም እሺ አልኩ። የሴት ነገር ነው፣ ምን ብዬ እጠይቃለሁ ብዬ ተውኩት። ከዚያ ወዲህ መብራት ሳታጠፋ ልብስ አትለውጥም።" ወደ ባቢከር ዞረ። "ባቢ፣ ያንተን ብብት በየቅዳሜው አገላብጬ ስጠይቅ ነው የከረምኩት። የሷን አንድ ቀን አልጠየቅኩም።"

ተነሣና ሱቁን ሳይዘጋ ሄደ። በሕይወቱ ሱቁን ሳይዘጋ ሲሄድ ይህ የመጀመሪያው ነው። ዩኒፎርሙን ረጋሳ ከመሬት አንሥቶ አራገፈው።

ሰኞ ጠዋት ባቢከር ቀርከሃ በር ሲደርስ፣ ለአዲስ አበባ የሚያስፈልገውን ሁሉ በዘንቢል ይዞ ነበር። አግዳሚው ላይ ጫኔና ሰንበቴ ተቀምጠዋል። ሰንበቴ ነጠላዋን እስከ አፏ ተከናንባ መሬት መሬቱን ታያለች። ጫኔ ባቢከርን ሲያይ ብድግ ብሎ ቦታ ለቀቀለትና በሹክሹክታ ነገረው፤ ከሆሞሻ እስከዚህ አንድ ቃል አልተናገረችም፣ ቤት ስጠይቃት ምንም የለብኝም ነው ያለችው፣ ሐኪሟ ጋ ብትገባም የለም ነው የምትለው።

ባቢከር አጠገቧ ተቀመጠ። ሌሎች በሽተኞችም ነበሩ፤ ይሰሙታል። አሁን ግድ አልሰጠውም።

"ሰንበቴ" አለ፣ ወንድና ሴት በማይለየው አማርኛው። "እኔ ዛሬ አዲስ አበባ ይሄዳል። ጡት አመመኝ። ሐኪም ይቆርጣል፣ ከዚያ እኔ የሴት ኪኒን ይውጣል። በየቀኑ!"

ሰንበቴ ቀና ብላ አላየችውም፤ ነጠላዋ ሥር ግን የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ፤ ሳቅ ሊሆን ይችላል። ድምፅ በማይባል ድምፅ፣

"ያማል?" አለችው።

"አያምም" አለ ባቢከር። "ምንም አያምም።"

ሰንበቴ እጇን ከነጠላዋ ሥር አውጥታ ጉልበቷ ላይ አኖረች።

"የኔም አያምም" አለች።